ዓሣ የለበሰ ደጋን

አባቴ ሲጠሩት መስማት ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነው። ጆሮው ጤነኛ ነው፤ ጓዳ ውስጥ የድስት ክዳን ሲነሳ ከወርክሾፑ ሆኖ ይሰማል። የማይሰማው «ስንጥር» ሲሉት ብቻ ነው።

«ስንጥር! መስኮቴ ደረሰ?» ይላል አንዱ ደንበኛ ደጃፍ ቆሞ።

አባቴ መላጊያውን ይገፋል። ይስባል። ይገፋል።

«ኧረ ስንጥር!»

ከዚያ እኔ ወይ እናቴ እንወጣና «ነገ ይደርሳል» እንላለን። ደንበኛውም «ምነው፣ የለም እንዴ?» እያለ፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን አባቴን አሻግሮ እያየ ይሄዳል።

ስሙ የወጣለት እንዲህ ነው። አባቴ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ ከቀስተኞች ማኅበር ጋር ዒላማ ይመታል። ባለፈው ዓመት ውድድር ላይ በገዛ እጁ የሠራውን ደጋን ይዞ ቀረበ። ደጋኑ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የበር መቃን የመሰለ ነበር። ጥፋቱም ይኸው ነው፤ አባቴ እንደ በር መቃን ነው የላገው። እንጨቱ በተፈጥሮው ትንሽ ወደ ግራ ማለት ሲፈልግ «ቀጥ በል!» ብሎ ቃጫውን፣ የእንጨቱን ጭረት፣ ቆራርጦ አስተካከለው። ሜዳው ላይ ሲስበው ቋ! አለ። ከጀርባው አውራ ጣት የምታህል ስንጥር ተፈናጥራ፣ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ያጎነበሰው ዓሣ ሻጭ ላይ ተሰካች።

ዓሣ ሻጩ የማኅበሩ ሻምፒዮን ነው። እናቴ ደግሞ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ወረንጦ ከቦርሳዋ አይጠፋም። ስንጥሯን እዚያው ሜዳ ላይ አወጣችለት። ከየት እንዳወጣችለት ማኅበሩ በሙሉ አይቷል።

ከዚያ ቀን ወዲህ የአባቴ ስም ስንጥር ሆነ። ለሌላ ሰው ቢሆን ቀልድ ነው፣ ያልፋል። አናጢን ግን ስንጥር ማለት ሐኪምን ሬሳ እንደማለት ነው። በር የሚያሠሩ ሰዎች «ይሄኛው አይሰነጠርም አይደል?» እያሉ ይስቁበት ጀመር። ሜዳ ሲሄድም ደጋን ባነሳ ቁጥር ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዓሣ ሻጩማ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚቆመው። ስለዚህ አባቴ ሜዳ መሄዱን ተወ።

እኔ ከትምህርት የተመለስኩት በዚህ መሐል ነው። ተመለስኩ ይባል እንጂ ሻንጣዬ ገና አልተመለሰም፤ አልጋዬ ሥር አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። እናቴ ባለፈች ቁጥር «ልብሶችሽን ቁምሳጥን ላስገባልሽ?» ትለኛለች።

«ቆይ እማዬ።»

«እስከ መቼ ነው የምቆየው?»

እሱን ባውቅማ። ዘመድ ሁሉ «ትቀሪያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?» ሲለኝ፣ ጠዋት የመለስኩትን ከሰዓት እጠራጠረዋለሁ። ይህን የማይጠይቀኝ አባቴ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወርክሾፑ ውስጥ ዋልኩ።

አንድ ቀን ከጣውላዎቹ ኋላ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የጥድ ግንድ ጎትቶ አወጣ። «ይሄን በመጋዝ አልነካውም» አለ። በሽብልቅ ፈለጠው፤ ቃጫው በሄደበት ሄደ። እንጨቱ ጎበጥ ሲል እሱም ጎበጥ አለ፣ እንጨቱ ዘወር ሲል እሱም ዘወር። ሲጨርስ ደጋኑ ሰክሮ የሚሄድ ሰው መሰለ። ውሃ ልክና ስኳድራ ሲያመልክ የኖረው አባቴ ይህን ሲያደርግ ማየት፣ ዳኛ ሲሰርቅ እንደማየት ነበር።

«ዘንድሮ በዚህ ነው የምገባው» አለኝ። «ባልመታም ግድ የለኝም። ሰው ፊት ሙሉውን ስቤው ሳይሰበር ከቀረ፣ ያ ስም ይቀራል።»

ደጋን ሆድና ጀርባ አለው። ሆዱ ወደ ተኳሹ የሚዞረው ነው፤ ጀርባው ወደ ዒላማው የሚያየው። ሲሳብ ሆዱ ይጨመቃል፣ ጀርባው ይለጠጣል። ስንጥር የሚነሳው ከጀርባ ነው። ጥድ ደግሞ ሲጨመቅ ደግ፣ ሲለጠጥ ነጭናጫ ነው።

«ጀርባውን አንድ ነገር እናልብሰው» አልኩት።

«ምን?»

«የዓሣ ቆዳ። ስስ ነው፣ ግን ቃጫውን ጠርንፎ ይይዘዋል። በተማርኩበት ከተማ አንድ ሰው ሲሠራው አይቻለሁ።»

መላጊያውን አስቀመጠና ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ያመጣሽልኝ የዓሣ ቆዳ ነው?»

«ሌላው ሻንጣው ውስጥ ነው።»

ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሁለታችንም አንድ ነገር አሰብን፤ በሰፈራችን ዓሣ የሚሸጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ከሱ? ቆሜ እያለሁ አይሆንም!»

«አንተማ ቁጭ በል» አለች አክስቴ ከደረጃው ላይ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከወርክሾፑ በላይ ባለው ክፍል ትኖራለች፤ ወለሉ ስስ ስለሆነ በጨዋታችን ሁሉ አለችበት። «እኔና ልጅቷ እንሄዳለን።»

አክስቴ አንድ ስጦታ አላት፤ ያልሆነውን ነገር ፊቷ ሳይለወጥ ትናገራለች።

ዓሣ ሻጩ ከባንኮኒው ኋላ ሚዛኑን እየወለወለ ነበር። ከራሱ በላይ ዋንጫዎቹ ተደርድረዋል።

«እንደምን አደሩ እትዬ። ስንጥር ደህና ነው?»

«ወንድሜ ደህና ነው። ቆዳ ፈልገን ነው፣ የዓሣ።»

«ለምን?»

«ለድመት።»

ከባልዲ ቁርጥራጭ ቆዳ ዘግኖ በፌስታል ሰጣት። አክስቴ ከፍታ አየችና መለሰችለት።

«ይሄ ተቀዷል።»

«ድመት መቀደዱን ምን አገባት?»

«የኛዋ አትበላም። ከአንገት እስከ ጅራት ሙሉ መሆን አለበት።»

«እሺ፣ ይቺን ውሰዱላት።»

«አጭር ናት።»

ዓሣ ሻጩ እኔን አየኝ። የተማረ ሰው ያስረዳኝ እንደማለት። እኔም ልረዳ ብዬ «ሁለት ነው የምንፈልገው፣ ወርዳቸው እኩል የሆነ» አልኩ። አክስቴ እግሬን ረገጠችኝ።

«ወርዱ እኩል ካልሆነ አትበላም?»

«አንዱ ለምሳ፣ አንዱ ለራት ነው» አለች አክስቴ። «ራት ከበዛ ሆዷን ያማታል።»

«ለመሆኑ ድመት መቼ ያዛችሁ?»

«እሷ ያዘችን እንጂ እኛ መች ያዝናት!»

ሁለት ትልልቅ ዓሣ አውጥቶ ቆዳቸውን ሳይቀድ ገፈፈ። እጁ ጎበዝ ነው፣ መካድ አይቻልም። እየጠቀለለ ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ተመርጦ የሚቀርብላትን ድመት አንድ ቀን መጥቼ ማየት አለብኝ።»

ቆዳውን በማንኪያ ጀርባ ፋቅነው፣ ቅርፊቱን አራገፍነው፣ ቅባቱ እስኪለቅ በሳሙና ደጋግመን አጠብነው፣ ጣውላ ላይ ወጥረን አደረቅነው። ሽታው ግን ሳሙናን የሚፈራ ዓይነት አልነበረም። በሁለተኛው ቀን አጥሩ ላይ አንዲት ድመት ተቀመጠች፣ በሦስተኛው ቤተሰቧን አመጣች። «ይኸው፣ ውሸታም ሊለኝ የነበረ ማነው?» አለች አክስቴ።

ቆዳውን መልሰን አርሰን፣ ሙጫ ቀብተን ደጋኑ ጀርባ ላይ አለበስነው፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ መያዣው ላይ እንዲገናኙ። አየር እንዳይቀር በአውራ ጣት ከመሐል ወደ ዳር ዳጥነው። ከዚያ እናቴ ፋሻ ይዛ መጣች። ለሠላሳ ዓመት ስብራት ያሰረች ሴት ናት። ከመያዣው ጀምራ ዙሩን በዙር እየደረበች ስትጠቀልል፣ ጫፍና ጫፉን ክፍት ተወችው።

«እሱን ለምን ተውሽው?» አላት አባቴ።

«ጣቱ ነዋ! ሲደነዝዝ በምን ልናውቅ ነው?»

ደጋኑ ጠረጴዛው ላይ እንደ በሽተኛ ተኛ። እናቴ ባለፈች ቁጥር ጫፉን ነካ አድርጋ «ደህና ነው» ትላለች።

ፋሻው የተፈታ ዕለት ሁላችንም ከበብነው። የቅርፊቱ ቤት ረድፍ በረድፍ ታትሞ ቀርቷል፤ ጠቆር ያለ፣ ብርማ፣ በብርሃን ሲያዞሩት ሕይወት ያለው የሚመስል። አባቴ አውታሩን ወጠረና ግድግዳው ላይ ካለ ሜንጦ ሰቀለው። የእኔን የሻንጣ መመዘኛ፣ አየር መንገድ እንዳይቀጣኝ ይዤው የምዞረውን፣ አውታሩ ላይ አንጠልጥዬ ቁልቁል ሳብኩት። ሃያ ሁለት ኪሎ።

«ትንሽ ሆዱን ፍቀን ሃያ ላይ እናቆማለን» አለ አባቴ። «የሻምፒዮኑ ሃያ ነው።»

«ትከሻህስ?» አለች እናቴ። የበር መዝጊያ ወድቆበት ከተጎዳ ጀምሮ ቀኝ ትከሻው ከቁምሳጥን ላይ ኮፍያ አያወርድም።

«ትከሻዬ? ብረት ነው!» አለና ደጋኑን አንስቶ ሳበ። አውታሩ አፍንጫው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ፊቱ ቀላ። ቀስ ብሎ መለሰው። «ሰውነቴን አላሟሟቅሁም» አለ።

ሁላችንም ግን አየነው።

ምሳ በልቶ ጋደም ሲል፣ ወርክሾፑ ገባሁና ፋቂውን አንስቼ የደጋኑ ሆድ ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቂት ጊዜ አስኬድኩት፤ ከላይኛውም ከታችኛውም ክንድ እኩል። ጥቂት ነው። ትንሽ ቢቀልለት ምን አለበት? እሱ ሃያ ነው ብሎ ያምናል፣ ትከሻው ደግሞ ያመሰግነኛል። ፍቅፋቂውን ጠርጌ ወጣሁ።

በማግስቱ ደጋኑ አሥራ ሰባት ኪሎ ሆነ።

እኔ የፋቅሁት አንድ ኪሎ ቢያወርድ ነው። መመዘኛውን ተጠራጠርኩ፤ ባትሪ ቀየርኩ፤ አንድ ኪሎ ስኳር ሰቀልኩበት፤ ልክ አንድ ኪሎ አለ። እንጨቱ እርጥበት ስቦ ይሆን? ሙጫው አለስልሶት ይሆን? ለአባቴ ስለ እርጥበት ብዙ አስረዳሁት።

«ይሆናል» አለ፣ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ። እንዲህ በቀላሉ የተስማማኝ ቀን የለም። ልጠራጠረው ይገባኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን አሥራ አራት። በተከታዩ አሥራ ሁለት። የወርክሾፑን መስኮት ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ደጋኑን ከግድግዳ አርቄ ሰቀልኩ። ሳይንስ የማይደርስበት ነገር አለ የሚሉ ሰዎች ትክክል ይሆኑ እንዴ ብዬ እስከማሰብ ደረስኩ። ትከሻውን ሳስብ ግን እኔም በየቀኑ ትንሽ መፋቄን አልተውኩም፤ የኔዋ ትንሽ ምን ታመጣለች ብዬ።

የውድድሩ ዋዜማ ጠዋት ሁላችንም ባለንበት አባቴ ደጋኑን ሰቀለ። መመዘኛው ዘጠኝ ኪሎ አለ።

«ዘጠኝ» አለ አባቴ። «የልጅ መጫወቻ ነው። ማን ነው የነካው?»

አጥሩ ላይ ያሉት ድመቶች እንኳ ፊታቸውን አዞሩ።

«እኔ አይደለሁም» አለች አክስቴ። ውሸት አያቅታትም ነበር፤ በዚያን ቀን ግን የለበሰችው ሹራብ እጅጌ ላይ የጥድ ፍቅፋቂ ተንጠልጥሎ አየነው። ተከትላን አየችው። «ማለቴ፣ ብዙ አይደለም። በካራ ነው። በማለዳ፣ እናንተ ሳትነሱ። ፊትህ እንደዚያ ሲቀላ ሳየው ጊዜ...»

«እትዬ!»

«እኔም» አለች እናቴ። ከቀሚሷ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ የብርጭቆ ስባሪ አወጣች። «ገበያ ስትሄዱ። የትከሻህን ጅማት የማውቀው እኔ ነኝ።»

ተራው የኔ መሆኑ ገባኝ። «ስትተኛ» አልኩ። «በፋቂው።»

«እርጥበት ነው ያልሽኝስ?»

«ትርፉን እርጥበት ነው ብዬ ነው።»

አባቴ ሦስታችንንም በየተራ አየን። ይቆጣል ብለን ስንጠብቅ ጆሮው ቀስ እያለ ቀላ። እናቴ ያን ጆሮ ታውቀዋለች።

«አንተስ?» አለችው።

«እኔ ምን?»

«አንተስ፣ አንተስ?»

መላጊያውን ከቦታው አንስቶ ወደ ቦታው መለሰው። «ትንሽ» አለ። «ለእናንተ ሃያ ነው እያልኩ... ሰው ፊት እንዳላፍር... በጣም ትንሽ።»

መጀመሪያ የሳቀችው አክስቴ ናት። ከዚያ ማን እንደቀጠለ አላስታውስም፤ እናቴ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ተባብረን ደጋን አከሳን። ከአራታችን አንዳችን ብቻ ብንፍቀው፣ ለዚያ ትከሻ ልኩ ይሆን ነበር።

ሳቁ ሲያልቅ አባቴ ደጋኑን ግድግዳው ላይ መለሰ። «በቃ፣ አልሄድም። ቀስቱ ዒላማው ጋ ሳይደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል።»

«ምን ነበር ያልከው?» አለች እናቴ ሰጋቱራውን ከቀሚሷ እያራገፈች። «እመታለሁ ነው ያልከው ወይስ አይሰበርም?»

«አይሰበርም።»

«ታዲያ!»

በማግስቱ አራታችንም ሜዳ ወረድን። ከድመቶቹ ሁለቱ እስከ ጡብ ፋብሪካው ተከትለውን መጡ። ማኅበርተኛው አባቴን ሲያይ «ስንጥር መጣ!» ተባባለ። ተራው ደርሶ መስመሩ ላይ ሲቆም፣ ማንም ሳያዝ ሰዉ በሙሉ ወደ ኋላ ተጎተተ። ዓሣ ሻጩ የዳኞቹን ጠረጴዛ አልፎ ጀርባውን ለግንቡ ሰጠ። እናቴ ብቻ ሄዳ አጠገቡ ቆመች፤ ቦርሳዋን ሳትከፍት።

አባቴ ቀስቱን አውታሩ ላይ አጋጠመ። ሳበ። አውታሩ አፍንጫውን አለፈ፣ ጉንጩን አለፈ፣ ጆሮው ሥር ደረሰ። ያ ትከሻ እስከዚያ ሲሄድ ካየሁ ቆይቻለሁ። ሰዉ ያን የአምናውን «ቋ!» ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ፤ ሙጫውን፣ ሳሙናውን፣ ያን በተማርኩበት ከተማ ቆዳ ሲያለብስ ያየሁትን ሰውዬ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተጠራጠርኩ።

ምንም አልተሰማም። ደጋኑ እንደ ጥሩ ወንበር ዝም ብሎ ጎበጠ።

ለቀቀው። ቀስቱ እንደ ሽማግሌ ተራመደና ከዒላማው በፊት ሣሩ ላይ ተኛ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ግን ፈገግ እንዳለ ሁለተኛውን አነሳ፤ በዚህኛው ከዒላማው በላይ ሰማዩን አነጣጠረ። ቀስቱ ወጣ፣ ወጣ፣ እዚያው ጥቂት ያሰበ መሰለ፣ ከዚያ ወረደና የዒላማውን የታችኛውን ጠርዝ ጠቅ አድርጎ ያዘ። በመጨረሻው እንደገና ሣሩን መታ። በውጤት መጨረሻ ወጣ፤ ከመጨረሻው በላይ ያለውም በጣም ይርቀው ነበር።

ዓሣ ሻጩ ከግንቡ ተላቀቀ። ሊያሾፍ እንደመጣ ፊቱ ይናገራል። ሦስት እርምጃ ሲቀረው ግን ቆመና አሸተተ። ደጋኑን ከአባቴ እጅ ወስዶ ገለበጠው። ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ይሄ የኔ ዓሣ ነው።»

አክስቴ ደመናውን ማየት ጀመረች።

«ከአንገት እስከ ጅራት። ወርዱ እኩል። አንዱ ለምሳ፣ አንዱ ለራት!» ወደ አክስቴ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ፣ መጨረሻ ወደ አባቴ። «ድመቷን ሳላያት አልሞትም ብዬ ነበር። ለካ ድመቷ አንተ ነህ!»

ሜዳው አንድ ላይ አገሳ። ዓሣ ሻጩ ደጋኑን ሁለት ጊዜ ሳበ፤ ጆሮው ሥር አስጠግቶ አዳመጠው፤ ቆዳውን በጥፍሩ ሞከረው። «ዓሣዬ ጥሩ ይዞታል» አለ፣ ምርቱ የተመሰገነለት ያህል ደረቱን ነፍቶ። ከዚያ በማኅበርተኛው ፊት አጎነበሰና፣ አባቴ አጠገብ፣ የጫማውን ማሰሪያ አሰረ። ጀርባውን ወደ ደጋኑ አዙሮ።

ወደ ቤት ስንቃረብ አባቴ «ድመት» አለ ለራሱ፤ አዲስ ጫማ እንደሚሞክር ሰው። «ድመት አይሰነጠርም።»

በበነጋው ከጣውላዎቹ ኋላ ሌላ የጥድ ፍልጥ አወጣ። «ይሄን የሚነካ አንድ ሰው ነው» አለን፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገረንም። የሻንጣ መመዘኛዬ ሜንጦው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። እናቴ ጠዋት ስታልፍ «ልብሶችሽን ላስገባልሽ?» አለችኝ። ሻንጣው ስንት ኪሎ እንደሆነ የምመዝንበት የለኝም፣ ቆይ አልኳት።

ወዲያው ደጃፍ ላይ አንድ ደንበኛ ቆመ። ውድድሩ ላይ አልነበረም፤ ወሬው ግን ቀድሞት ደርሷል።

«ድመት!» አለ። «መስኮቴ ደረሰ?»

መላጊያው ቆመ። እኔም ልወጣ ተነስቼ ቆምኩ።

«አቤት!» አለ አባቴ።